ማራገቢያው ለምን ቆመ?

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር።

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ ለአባላቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል፤ እህላቸውንም ሰብስቦ ይሸጣል። ከሚገኘውም ትርፍ ለእያንዳንዱ አባል እንደ ተሳትፎው ያካፍላል። ቀድሞ ሒሳቡ ሁሉ በትልቅ መዝገብ ላይ ነበር የሚጻፈው። አሁን ግን ማኅበሩ አንድ ኮምፒዩተር ገዝቷል። ማን ስንት ኩንታል እንዳስገባ፣ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት፣ ለማን ስንት ብር እንደሚደርሰው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

ወሩ ጥር ነው። ጤፍ የሚወቃበት ጊዜ ነው። የትርፍ ክፍፍሉ ስብሰባ ለቅዳሜ ተቀጥሯል። ሐሙስ ጧት የሒሳብ ሠራተኛዋ የአባላትን ድርሻ በማስላት ላይ ሳለች ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ሆነ። ኮምፒዩተሩም ዝም አለ። «መብራት ሄደ እንዴ?» ብላ ቀና ስትል አምፖሉ በርቷል። እንደገና አስነሣችው። ጥቂት ሠራና ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ጊዜ ስክሪኑ ላይ «ሲፒዩ ፋን ኤረር» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ።

ወሬው ወዲያው ከአውድማ አውድማ ተዳረሰ። «ክፍፍሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሒሳቡ ጠፋ ተባለ። ነገሩ መቼ ጠፋን!» ያለ አለ። «ብራችን ተበላ እኮ!» ያለም አለ። ሊቀ መንበሩ ደነገጡ። የሒሳብ ሠራተኛዋም ዕንባዋ መጣ።

ከቁጥጥር ኮሚቴው አባላት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሶች ትምህርት ነው። እኒህ እናት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡና ጠየቁ።

«ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«የማራገቢያ ችግር አለ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሣጥኑ ራሱ ምን እንዳመመው ተናግሯል። ሰው ከመጠርጠራችን በፊት እሱ የተናገረውን እንይ።»

የእኒህ እናት አነጋገር የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ ነው። መሣሪያ ያለ ምክንያት አይቆምም። ምክንያቱም ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ቢፈለግ ይገኛል። ፍለጋውን ግን ከመጀመራችን በፊት ማራገቢያው ለምን እንዳስፈለገ እንወቅ።

ሀ. ኮምፒዩተር ለምን ይሞቃል?

ኮምፒዩተር የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ሥራ በሠራበት ቦታ ሁሉ ሙቀት ይፈጠራል። በከተማ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚያበስለው በዚሁ ሙቀት ነው። ለምጣድ ሙቀቱ ጥቅም ነው። ለኮምፒዩተር ግን ጠላት ነው።

በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ የሚደምረው፣ የሚቀንሰውና ትእዛዝ የሚፈጽመው ክፍል ፕሮሰሰር ወይም ሲፒዩ ይባላል። ስፋቱ ከክብሪት ሣጥን ብዙም አይበልጥም። ብዙ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ያላቸው ፕሮሰሰር በርትቶ ሲሠራ 65 ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል። ይህ ኃይል ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በርቶ ሲቆይ በእጅ እንደማይያዝ የነካው ሰው ያውቀዋል። ያ ሁሉ ሙቀት የክብሪት ሣጥን በምታህል ነገር ላይ ሲከማች ምን ያህል እንደሚፋጅ ገምቱት።

በሬም እኮ በጠራራ ፀሐይ ሲያርስ ይሞቀዋል። አፉን ከፍቶ ያለከልካል። በማለክለኩም ሙቀቱን ከሰውነቱ ያስወጣል። ገበሬውም ይህን አይቶ ይፈታዋል፤ ጥላ ሥር ያሳርፈዋል። ፕሮሰሰር ግን ማለክለክ አይችልም። የሚያለከልክለት ማራገቢያው ነው።

ለ. የማራገቢያው ሥራ

ቡና በስኒ ሲቀርብ ትኩስ ከሆነ እፍ እንላለን። እፍ ስንል ከቡናው በላይ ያለውን የሞቀ አየር ገፍተን ቀዝቃዛውን እናስገባለን። ቡናውም ይበርዳል። የኮምፒዩተር ማራገቢያ ሥራው ይኸው ነው። ጠጋኞች «ፋን» ይሉታል።

ከፕሮሰሰሩ በላይ አንድ ብረት ተቀምጧል። ብረቱ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ጎን ለጎን የተደረደሩ ስስ ክንፎች አሉት። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ ነጭ ወይም ግራጫ ቅባት አለ። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ቅባቱ፣ ከቅባቱ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ማራገቢያው ደግሞ በብረቱ ላይ አየር ይነፋል። አየሩም ሙቀቱን ተሸክሞ በሣጥኑ ቀዳዳዎች ይወጣል። ከዚህ መንገድ አንዱ ከተቋረጠ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል።

ማራገቢያው የሚዞረው በ12 ቮልት ነው። ይህ ከግድግዳው ሶኬት ከሚመጣው 220 ቮልት በጣም ያነሰ ነው። ከማራገቢያው ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ሁለቱ ኃይል ያመጡለታል። ሦስተኛው ማራገቢያው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። አራተኛው ካለ ደግሞ «ፍጠን» ወይም «ቀስ በል» የሚለውን ትእዛዝ ያደርሳል። ኮምፒዩተሩ ማራገቢያው መቆሙን አውቆ በስክሪኑ ላይ ሊጽፍ የቻለው በሦስተኛው ሽቦ አማካይነት ነው።

ኮምፒዩተርን በአየር ማቀዝቀዝ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ኤኒያክ የተባለ ኮምፒዩተር ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ክብደቱ 30 ቶን ገደማ ሲሆን፣ 18 ሺህ ያህል የመስተዋት ቱቦዎች ነበሩት። ቱቦዎቹ በጣም ስለሚሞቁ ትልልቅ አየር መንፊያዎች ተተክለውለት ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተሩ አንሶ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሙቀቱ ግን አልቀረም።

የዛሬው ፕሮሰሰር ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ አለው። በጣም ሲሞቅ በመጀመሪያ ሥራውን ያዘገማል። ሙቀቱ አሁንም ካልቀነሰና ከልክ በላይ ከጨመረ ኮምፒዩተሩ ራሱን ያጠፋል። የእኛም ማኅበር ኮምፒዩተር በድንገት የጠፋው ለዚህ ነው። ሒሳቡን ሊበላ አይደለም፤ ራሱን ከመቃጠል ሊያድን ነው።

ሐ. ማራገቢያ የሚቆምባቸው ምክንያቶች

1. ታዝዞ ሊቆም ይችላል። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ሲቀዘቅዙ ማራገቢያቸው እንዲቆም፣ ሲሞቁ እንዲነሣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ይህ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ «ቆመ» ብቻ ብሎ መደንገጥ አይገባም። «ሞቆ እያለ ቆመ ወይስ ቀዝቅዞ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

2. አቧራ ሊያቆመው ይችላል። አቧራ፣ የገለባ ብናኝና የልብስ ብናኝ ተጠራቅሞ በክንፎቹና በብረቱ መካከል ይጠቀጠቃል። አየር ማለፊያ ያጣል። ማራገቢያውም ይከብደዋል።

3. አንድ ነገር ክንፉን ሊይዘው ይችላል። በሣጥኑ ውስጥ ብዙ ሽቦ አለ። ከመካከሉ አንዱ ከታሰረበት ቢላላና ክንፎቹን ቢነካ ማራገቢያው ይቆማል። ሣጥኑ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ቦታ ይለውጣል፤ ማራገቢያውም አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል።

4. መሰኪያው ሊላላ ይችላል። ኮምፒዩተሩ በመኪና ወይም በጋሪ ተጭኖ ሲጓዝ መሰኪያው ይወልቃል። አይጥም ሽቦውን ልትበላው ትችላለች።

5. ኩሽኔታው ሊደርቅ ይችላል። ማራገቢያው የሚዞርበት ዘንግ የተቀመጠበት ቦታ ዘይት አለው። ብዙ ዓመት ሲሠራ ዘይቱ ይደርቃል። እንደ ደረቀ የጋሪ ጎማ ይንጫጫል፤ ይከብዳል። ሲጀመር ይዞርና ቆይቶ ይይዛል። እንዲህ ያለው ማራገቢያ ሰውን ያሳስታል። ምክንያቱም ባዩት ጊዜ ሲዞር ይገኛል፤ ዘወር ሲሉ ይቆማል።

6. ኃይል የሚሰጠው ክፍል ሊበላሽ ይችላል። ማራገቢያው የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ማዘርቦርድ ይባላል። ከግድግዳ የመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው ክፍል ደግሞ ፓወር ሰፕላይ ይባላል። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም ማራገቢያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊቆም ይችላል። ይህን የሚያየው ባለሙያ ነው።

መ. ፍለጋው በቅደም ተከተል

እንግዲህ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንመለስ። ፍለጋው እንዴት እንደተካሄደ እንመልከት።

አንደኛ፣ ጥያቄው ተጠየቀ። ሞቆ ነው የቆመው ወይስ ቀዝቅዞ? ሣጥኑ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቷል። ማስጠንቀቂያም ጽፏል። ስለዚህ ታዝዞ የቆመ አይደለም፤ ችግር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀለች። ከዚያም በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ የማስነሻውን ቁልፍ ጥቂት ሰኮንድ ተጫነችው። ብረቱም እስኪበርድ ተጠበቀ። የሣጥኑን ብረት በእጇ ነካች። ይህንንም ያደረገችው በሰው ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ጥቂት ኤሌክትሪክ የውስጥ ዕቃውን እንዳያበላሽ ነው። ከዚያ በኋላ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትታ የጎኑን ክዳን አነሣች።

ሦስተኛ፣ በዓይን ታየ። የብረቱ ክንፎች በአቧራና በጤፍ ገለባ ብናኝ ተደፍነው ተገኙ። እማማ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። መስኮቱ ፊት ለፊት አውድማ አለ። ሣጥኑ ደግሞ የተቀመጠው መሬት ላይ ነው።

«ምድጃዬ ሲጨስ በመጀመሪያ የማየው የጢሱን መውጫ ነው» አሉ እማማ። «የዚህም መውጫው ተደፍኗል።»

አቧራው በደረቅ የቀለም ብሩሽ ተጠረገ። በሚጠረግበት ጊዜ ክንፎቹ እንዳይዞሩ በጣት ተይዘው ነበር።

አራተኛ፣ ሽቦዎቹ ታዩ። ክንፉን የነካ ሽቦ የለም። አይጥ የበላውም የለም። መሰኪያው በጣት ሲነካ ጠብቆ ተቀምጧል።

አምስተኛ፣ ክዳኑ ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ተሞከረ። ማራገቢያው ዞረ። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ደስ አለው። ሊቀ መንበሩም «በቃ፣ ዳነ!» አሉ።

እማማ ግን «ልጄ፣ እየሠራ ሳለ መጀመሪያ ሒሳቡን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪው። ኋላ ለምን ይቆጨናል?» አሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋም የአባላቱን ሒሳብ በሙሉ በፍላሽ ላይ ገለበጠች። ይህ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው። የታመመ መሣሪያ ሲሠራ ካገኛችሁት መጀመሪያ የምታድኑት በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ነው። መሣሪያ ይገዛል፤ የጠፋ ሒሳብ ግን አይገዛም።

ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በስክሪኑ ላይ ሙቀትንና የማራገቢያን ዙር የሚያሳየውን ገጽ ከፍታ ነበር።

«እማማ፣ ይኸኛው ቁጥር ሙቀቱ ነው፤ ይኸኛው የማራገቢያው ዙር ነው» አለቻቸው።

እማማ ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመሩ። ሙቀቱ 55 ይላል፤ ዙሩ 1400 ይላል። ቆይቶ ዙሩ 900 ሆነ። ከዚያ 0 ሆነ። ሙቀቱ 70፣ 78፣ 86 እያለ ወጣ።

«አጥፊው፣ ልጄ! ቆሟል!» አሉ።

ሠራተኛዋም ኮምፒዩተሩ በራሱ እስኪጠፋ ሳትጠብቅ በደንቡ አጠፋችው። ቁጥር ማንበብ ያወቀ ሰው እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ያያል።

ስድስተኛ፣ ስፒናው ተነቅሎ ማራገቢያው በጣት ተሞከረ። ጤነኛ ማራገቢያ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ጥቂት ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። ይህኛው ግን ጣት ሲለቀው ወዲያው ቆመ። ሲዞርም አሸዋ ያለበት ይመስል ይፋጫል። ኩሽኔታው ደርቋል ማለት ነው።

ሰባተኛ፣ ግምቱ ተረጋገጠ። የእጅ ባትሪያችሁ አልበራ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ድንጋዩን አውጥታችሁ በሌላ ባትሪ ላይ ትሞክራላችሁ። እዚያ ከበራ ድንጋዩ ደህና ነው፤ ችግሩ የባትሪው ነው። በኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። ከትምህርት ቤቱ ከማይሠራበት አሮጌ ኮምፒዩተር አንድ ጤነኛ ማራገቢያ በውሰት መጣና በዚያው መሰኪያ ላይ ለጥቂት ሰኮንድ ተሞከረ። ደህና አድርጎ ዞረ። እንግዲያው መሰኪያው ኃይል ይሰጣል፤ የታመመው ማራገቢያው ነው። ውሰት የመጣውም ባይዞር ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ወይም ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሄድ ነበር።

ስምንተኛ፣ ልኩን የሚመስል ማራገቢያ ተፈለገ። እማማ በአሮጌው ማራገቢያ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች በወረቀት ገለበጡ። ስፋቱንም በማስመሪያ ለኩ፤ 92 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሽቦዎቹን ቆጠሩ፤ አራት ናቸው። ማራገቢያ ሲገዛ ስፋቱ፣ ቮልቱና የሽቦው ቁጥር ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። ሊቀ መንበሩ ዓርብ ጧት ወረቀቱን ይዘው ወደ ከተማ ወረዱ። ከቀትር በኋላ ከአንድ ጠጋኝ ጋር ተመለሱ።

ጠጋኙ አዲሱን ማራገቢያ ሲገጥም አየሩ የሚነፍስበትን አቅጣጫ አስተዋለ። በብዙ ማራገቢያዎች ጎን ላይ አቅጣጫውን የሚያሳይ ቀስት አለ። ማራገቢያው ተገልብጦ ከተገጠመ ይዞራል እንጂ በሚገባ አያቀዘቅዝም። ብረቱ ከፕሮሰሰሩ ላይ ስላልተነሣ አዲስ ቅባት አላስፈለገም። ብረቱ ከተነሣ ግን አሮጌው ቅባት ተጠርጎ አዲስ መቀባት አለበት።

ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ሙቀቱ ከ50 እምብዛም አላለፈም።

ሠ. ማድረግ የሌለብን ነገሮች

1. ስፒናው ሳይነቀል ሣጥኑን አንክፈት።

2. ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን ክፍል ፈጽሞ አንክፈት። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቀራል። ሰው ሊጎዳ ይችላል።

3. አቧራውን በአፋችን እፍ ብለን አናስወግድ። ለቡና ደግ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ምራቅና እርጥበት ይገባበታል። እርጥብ ጨርቅም አንጠቀም።

4. አቧራው በጎማ ቤት የአየር መንፊያ የሚነፋ ከሆነ ክንፎቹ በጣት ይያዙ። ያለ ልክ ከዞሩ ኩሽኔታው ይጎዳል። ከመንፊያው ጋር ውሃ ወጥቶ እንዳይረጭም ይጠንቀቁ።

5. በደረቀ ኩሽኔታ ላይ የምግብ ዘይት አናፍስስ። ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ይባስ ያቆመዋል። አንዳንድ ጠጋኞች አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያደርጉበታል። ይህም ቢሆን ለጊዜው ነው እንጂ አዲስ ማራገቢያን አይተካም።

6. «ማስጠንቀቂያውን አልፈን እንሥራ» አንበል። ማራገቢያ የሌለው ኮምፒዩተር ውሃ እንዳለቀበት የወፍጮ ሞተር ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ኋላ ግን ብዙ ያስከፍላል።

ረ. ሳይቃጠል በቅጠል

ማራገቢያው ከመቆሙ በፊት ምልክት ይሰጣል። ድምፁ ይለወጣል፤ ይንጫጫል። ኮምፒዩተሩም ያለ ምክንያት ይንቀረፈፋል። ይህን የሰማ ሰው ዝም አይበል።

ኮምፒዩተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። አቧራ ከመሬት ይነሣልና። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ አየር መውጫውም አይደፈን። በውቂያ ጊዜ በአውድማ በኩል ያለው መስኮት ይዘጋ። ሥራ ሲያልቅና ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ጨርቅ ይልበስ፤ ሲሠራ ግን ጨርቁ ይነሣ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ከውቂያ በኋላ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ይጠረግ። ላፕቶፕ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ያላቸው ደግሞ በአልጋ ልብስ ወይም በጋቢ ላይ አያስቀምጡት። ማራገቢያው አየር ከሥር ስለሚስብ ይታፈናል።

በደጋ የሚኖሩ ሰዎች «አገራችን ብርድ ነው፤ ምን ያሞቀዋል?» ይሉ ይሆናል። ብርዱ ይረዳል። ነገር ግን የደጋ አየር ስስ ነው። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ በደጋም ቢሆን ማራገቢያው ጤነኛ መሆን አለበት።

ከሁሉም በላይ ሒሳቡ በየሳምንቱ በፍላሽ ይገልበጥ። ፍላሹም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ። የወረቀት ደረሰኝም አይጣል።

የቅዳሜው ስብሰባ

ቅዳሜ አባላቱ ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ፊታቸው አልተፈታም ነበር። ሊቀ መንበሩ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። የሒሳብ ሠራተኛዋም ሳትደብቅ «ኮምፒዩተሩ ድንገት ሲጠፋ ገና ያላስቀመጥኩት የሦስት አባላት ስሌት ጠፍቶ ነበር። ከደረሰኞቻቸው ላይ እንደገና ሠርቼዋለሁ። ደረሰኞቹ እነዚህ ናቸው» አለች። ሦስቱ አባላት ደረሰኛቸውን አንብበው አመሳከሩ። ልክ ሆኖ አገኙት።

ከዚያ እማማ ተነሡ። አሮጌውን ማራገቢያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተውት ነበር።

«ሌባው ይኸው ነው» አሉ። ሰዉ ሳቀ። «እስቲ በጣታችሁ አዙሩት።»

ማራገቢያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ ሰው በጣቱ ሞከረው። አልዞር ይላል፤ ይፋጫል። ሐሙስ ዕለት «ብራችን ተበላ» ያለው ሰውዬ ከሁሉ የበለጠ ደጋግሞ አዞረው። ከዚያም ቀና ብሎ የሒሳብ ሠራተኛዋን አያት።

«እኅቴ፣ ይቅር በይኝ። ሳላይ ነው የተናገርኩት» አላት።

«ይቅር ለእግዜር፣ ወንድሜ» አለችው።

ክፍፍሉም በዚያው ቀን ተፈጸመ።

የማኅበሩ ኮምፒዩተር የአባላቱ ንብረት ነው። በውስጡ ያለው ሒሳብም የአባላቱ ላብ ነው። ስለዚህ «ይህ የተማሩ ሰዎች ዕቃ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» ማለት አይገባም። ሁሉም ሰው ጠጋኝ ይሁን ማለት አይደለም። ነገር ግን መጠየቅ፣ ቁጥሩን ማንበብ፣ አቧራውን ማየትና የተባለውን ማመሳከር ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

የውይይት ጥያቄዎች

1. ኮምፒዩተሩ ድንገት የጠፋው ለምን ነበር? ራሱን ባያጠፋ ምን ይደርስ ነበር?
2. ማራገቢያ ሳይበላሽ የሚቆምበት ጊዜ አለ። መቼ ነው?
3. ከትምህርት ቤቱ ማራገቢያ በውሰት የመጣው ለምን ነበር? ባይዞር ኖሮ ምን ትላላችሁ?
4. ማራገቢያው እንደገና ከመቆሙ በፊት እማማ ያዘዙት ምን ነበር? ለምን?
5. በአካባቢያችሁ ባለው ጽሕፈት ቤት ወይም ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ካለ የተቀመጠበትን ቦታ ተመልከቱ። ምን መሻሻል አለበት? ተወያዩበት።

የቃላት ፍቺ

ማራገቢያ (ፋን) ፦ እየዞረ አየር የሚነፋ መሣሪያ
ስክሪን ፦ የኮምፒዩተሩ ጽሑፍ የሚታይበት መስኮት መሰል ክፍል
ፕሮሰሰር (ሲፒዩ) ፦ ኮምፒዩተሩ የሚያሰላበትና ትእዛዝ የሚፈጽምበት ክፍል
ማዘርቦርድ ፦ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ትልቅ ሰሌዳ
ፓወር ሰፕላይ ፦ ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ ቀንሶ ለኮምፒዩተሩ የሚያከፋፍል ክፍል
ኩሽኔታ ፦ ዘንግ ሳይከብደው እንዲዞር የሚያደርግ ክፍል
ስፒና ፦ ወደ ሶኬት የሚገባው የሽቦ ጫፍ
ፍላሽ ፦ ከኮምፒዩተር የተገለበጠ ጽሑፍ የሚቀመጥበት፣ ጣት የሚያህል ትንሽ ዕቃ